ወገብ የወደደውን መዳፍ አይወደውም

ወዳጆቼ፣ የፊታችን ቅዳሜ ስንገናኝ ሦስት ሃይላንድ ውሃ ይዛችሁ ኑ፤ አንዱ ባለ ግማሽ ሊትር፣ አንዱ ባለ አንድ ሊትር፣ አንዱ ባለ ሁለት ሊትር። ክዳናቸው እንዳይከፈት። ውሃውን የምንጠጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ በእጃችሁ ይዛችሁ የምታዩት ነገር አለ። እኔ ቡራዩ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ሞከርኩት፤ ደስታው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ነገሩ የተጀመረው ሱሉልታ ነው። አንድ ምሽት አብረን የካውቦይ ፊልም ስናይ አንደኛው ሰውዬ አፈሙዙ ረጅም የሆነ ግዙፍ ሽጉጥ ከጎኑ መዘዘ፤ ሌላው ደግሞ ከኮቱ ኪስ መዳፍ የማትሞላ ትንሽዬ አወጣ። «የትኛው ይመቻል?» የሚል ጥያቄ ተነሳና ሁላችንም ባንድ አፍ «ትንሿ!» አልን። ትንሽ ነገር ቀላል ነው፤ ቀላል ነገር ይመቻል፤ በቃ። ወደ ቡራዩ ስመለስ ግን ታክሲ ውስጥ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ትንሿ በሁሉ ነገር የምትሻል ከሆነ ትልቁን ማን ይሠራዋል? ማንስ ይገዛዋል? ከዚያ ወዲህ ሳነብ፣ ስለካ፣ ጎረቤት ስጠይቅ ከረምኩ።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሽጉጥ የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። ያለ ፈቃድ መያዝ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው። እኔን የሳበኝ ብረትና እጅ የሚገናኙበት ያ ትንሽ ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ብታውቁ!

በመጀመሪያ ሪቮልቨር ምን እንደሆነ እንስማማ። ፊልም ላይ የምናያት፣ መሃሏ ላይ የሚሽከረከር ነገር ያላት ሽጉጥ ናት። ያን የሚሽከረከር ነገር ከበሮ ልበለው፤ መልኩም ከበሮ ይመስላል። ከበሮው ውስጥ ዙሪያውን ጉድጓዶች አሉ፤ በየጉድጓዱ አንዳንድ ጥይት ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ከበሮው አንድ እርምጃ ይዞርና ቀጣዩን ከአፈሙዙ ኋላ ያደርሰዋል። ስድስት ጉድጓድ ካለው «ስድስት ጎራሽ» እንለዋለን። ሳሙኤል ኮልት የተባለ አሜሪካዊ ለዚህ ፈጠራው በአገሩ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1836 ነበር።

አሁን ትሪ አምጡና ስድስት የሻይ ብርጭቆ በክብ ደርድሩበት፤ እርስ በርሳቸው ይነካኩ። ከዚያ እነሱን አንሱና አምስት የቡና ስኒ በክብ ደርድሩ። ክቡ ምን ሆነ? ጠበበ! ሽጉጡም ልክ እንዲሁ ነው። ወፍራም ወፍራም ጥይት ስድስት አስቀምጣለሁ ካላችሁ ከበሮው ይሰፋል። ከበሮው ሲሰፋ እሱን አቅፎ የሚይዘው ብረት ይገዝፋል። ያ ሲገዝፍ አፈሙዙም መያዣውም አብሮ ያድጋል። ቀጫጭን ጥይት አምስት ብቻ ካላችሁ ግን ሁሉም ነገር ይሰበሰባል። አያችሁ? «ትልቅ ገላ» እና «ትንሽ ገላ» የሚለው ልዩነት ከዚህ ትሪ ላይ ነው የሚጀምረው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንዲያውም ገላዎቹን በፊደል ነው የሚጠራቸው፤ ትንሹ ጄ፣ መካከለኛው ኬ፣ ትልቁ ኤን። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣችው የጄዋ አምስት ጎራሽ ናት፤ ማለት የስኒዋ ትሪ።

ወደ ውሃችን እንመለስ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። እንግዲህ ያቺ አምስት ጎራሽ ትንሽዬ ባለ ግማሽ ሊትሯን ሃይላንድ ታክላለች፤ ትንሽ ብቻ ትበልጣታለች። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት የታጠቁት ትልቁ ዌብሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ሥራ ላይ የዋለው፣ 1.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባለ አንድ ሊትሩ ማለት ነው፣ ትንሽ ጨምሩበት። ባለ ሁለት ሊትሩስ? እሱም አለ! ኮልት እ.ኤ.አ. በ1847 የወጣ ዎከር የሚባል ሽጉጥ ነበረው፤ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ። ሁለት ኪሎ በአንድ እጅ! ሰው በወገቡ ሊሸከመው ስለማይመቸው ኮርቻ ላይ በተንጠለጠለ አፎት ፈረስ ነበር የሚሸከመው።

እስቲ ባለ ግማሹን ያዙና እጃችሁን ወደፊት ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። እስከ ሃያ ቁጠሩ። ምንም አይደል። ባለ አንድ ሊትሩን ያዙ፤ አሥራ አምስት ላይ ትከሻችሁ መናገር ይጀምራል። ባለ ሁለቱን ያዙ፤ ከዚህ በኋላ የምትቆጥሩት ቁጥሩን ሳይሆን የጠርሙሱን መንቀጥቀጥ ነው። እስከዚህ ድረስ «ትንሿ!» ያልነው ልክ ነበር።

ቡራዩ ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉኝ፤ ጋሽዬ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ሽጉጥ ታጥቀው አገልግለዋል። የውሃውን ጨዋታ ሳሳያቸው ስቀው «አንተ ልጅ፣ ሽጉጥ ቀኑን ሙሉ ይታጠቁታል እንጂ ቀኑን ሙሉ አይተኩሱትም» አሉኝ። ይቺ አባባል ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስብኝ አደረች። ከዚያ በድንገት ቃሉ ራሱ ብልጭ አለልኝ፤ ሽጉጥ! ሸጎጠ፣ መሸጎጥ፣ ሽጉጥ! አባቶቻችን ይህን ዕቃ የሰየሙት በሚተኩሰው እሳት አይደለም፤ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። የሚሸጎጥ ነገር፣ ልብስ ሥር የሚገባ ነገር። ጠመንጃዎቹማ የውጭ ስማቸውን ይዘው ነው የገቡት፤ ስናይደር ሰናድር ሆነ፣ ማንሊኸር ምንሽር ሆነ፣ ፉዚል ግራ የተባለው የፈረንሳዮቹ ውጅግራ ሆነ። ሽጉጥ ግን ከራሳችን ግስ ተወለደ። ቃሉን ስንት ዓመት አፌ ላይ ይዤው ኖሬ ያን ሌሊት ነው የሰማሁት!

እንግዲህ ለመሸጎጥ ትንሿ ታሸንፋለች። ከበሮዋ ጠባብ ስለሆነ ጎን አይወጋም፤ አፈሙዟ አጭር ስለሆነ ስትቀመጡ ጭን አይቆረቁርም። ከሰበታ አዲስ አበባ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ተጠጋግቶ መሄድ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ለወገብ ምቾት ትንሿ ንግሥት ናት፤ አበቃ። ሁሉ ነገር የሚገለበጠው ስትተኮስ ነው።

ሱሉልታ መንገድ ዳር ድርቆሽ የጫነ የፈረስ ጋሪ አይታችኋል። ፈረሱ ተፈትቶ ጋሪው ሜዳ ላይ ቆሟል እንበል። ሙሉ ጭነት ከጫነው ጋሪ ላይ ወደፊት ዘላችሁ ብትወርዱ ጋሪው ምን ይሆናል? ምንም፤ ቢበዛ ወደ ኋላ ነቅነቅ ይላል። አሁን ባዶ የእጅ ጋሪ ላይ ቁሙና እንደዚያው ዝለሉ። ኧረ! ጋሪው ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ይሄዳል። የዘለላችሁት እናንተው፣ የረገጣችሁበት ጉልበት ያው፤ ልዩነቱ የጋሪው ክብደት ብቻ ነው።

ጥይቱ እናንተ ናችሁ፤ ሽጉጡ ጋሪው ነው። ጥይቱ ወደፊት የሚሄደው ሽጉጡን ወደ ኋላ እየረገጠ ነው። ከባድ ሽጉጥ ድርቆሽ እንደጫነው ጋሪ ነቅነቅ ብሎ ያልፋል፤ ቀላሉ እንደ ባዶው ጋሪ ይስፈነጠራል። የሚስፈነጠረው ደግሞ ሜዳ ላይ አይደለም፣ መዳፋችሁ ላይ ነው! ይህ ሲገባኝ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። መንገድ ላይ ያማረርነው ክብደት ለካ ሲተኮስ ጋሻችን ነው። ወገብ የሚጠላውን ነገር መዳፍ ይፈልገዋል።

ይህን ነገር አንድ መንግሥት በሙሉ አውጥቶ አውርዶ የወሰነበት ታሪክ አለ፤ ታሪኩም ሳይታሰብ ሱሉልታ ድረስ ይመጣል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ዌብሊውን አዩና «ይህ ለአዲስ ምልምል ይከብዳል፣ ብዙ ልምምድም ይፈልጋል» አሉ። ስለዚህ አነስ ያለ ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ1932 ሥራ ላይ አዋሉ፤ ኤንፊልድ ቁጥር 2 ይባላል። 765 ግራም ገደማ ነው፤ ባለ አንድ ሊትሩን ሃይላንድ ከፍታችሁ ሩብ ያህሉን ብትጠጡ የቀረው ኤንፊልዱ ነው። እነሆ የማደንቃቸው ነገር፤ ሽጉጡን ብቻ አላሳነሱም፣ ጥይቱንም አብረው አሳነሱ። ለምን?

እስቲ እናስላ። አትሸሹ፣ የሱቅ ሂሳብ ነው! የዌብሊው ጥይት እርሳስ 17 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ 180 ሜትር ያህል ይወጣል። 17ን በ180 ስናባዛ 3,060። ይህ የርግጫው መጠን ይሁን። ለ1,100 ግራሙ ሽጉጥ ስናካፍለው 2.8 ይመጣል፤ ሽጉጡ በሰከንድ 2.8 ሜትር በሚሆን ፍጥነት ወደ መዳፍ ይመለሳል ማለት ነው። ያንኑ ጥይት በቀላሉ ሽጉጥ ተኩሰነው ቢሆንስ? 3,060 ለ765፣ 4! ወዲያው ወደ 4 ዘለለ። አሁን እንግሊዞቹ ያደረጉትን እዩ። የኤንፊልዱ እርሳስ 13 ግራም ገደማ ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 190 ሜትር ያህል። ሲባዛ 2,470፤ ለ765 ሲካፈል 3.2። አያችሁልኝ? ሽጉጡ ሠላሳ በመቶ ያህል ክብደት ቀነሰ፣ ጥይቱም ርግጫውን አምስተኛ ያህል ቀነሰለት፤ ስለዚህ ነገሩ ወደ 4 ሳይዘል 3.2 ላይ ቆመ። የባሩዱ ጭስ የሚጨምረውን ግፊት ትቼዋለሁ፤ ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው። አንድ ወረቀት ጀርባ ላይ ሦስት ማካፈል ሠርቼ ከዘጠና ዓመት በፊት የነበሩ መሐንዲሶች ምን እያሰቡ እንደነበር ሳየው ሰውነቴን ነዘረኝ።

ሱሉልታስ የት ገባች? ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከጎጃም በፍቼ መንገድ መጥተው፣ በእንጦጦ በኩል ወርደው አዲስ አበባ ገቡ። አብረዋቸው ከአርበኞቻችን ጋር ኦርድ ዊንጌት የሚመራቸው የእንግሊዝ መኮንኖች ነበሩ። የፍቼው መንገድ እኮ የእኛው የሱሉልታ መንገድ ነው! በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኮንን ወገብ ላይ የሚንጠለጠለው ዌብሊ ወይም ኤንፊልድ ነበር። ያ የአንድ ሊትርና የሦስት ሩብ ሊትር ክርክር በዚህ ሜዳ ላይ አልፏል ማለት ነው። አሁን ሱሉልታ ስሄድ ድርቆሹን ብቻ አላይም።

ከዚያ በፊትም ትልቁ ሽጉጥ አገራችንን ያውቃታል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የኢጣሊያ መኮንኖች ከታጠቋቸው ሽጉጦች አንዱ ቦዴዮ የሚባለው ስድስት ጎራሽ ነበር። ውፍረቱ አሥር ሚሊሜትር የሚያልፍ ጥይት የሚጎርስ፣ ኪሎ የሚጠጋ ሽጉጥ ነው። ኢጣሊያኖቹ በቅርጹ ምክንያት ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ? «የጠቦት ታፋ»! ሥዕሉን ስታዩ እውነትም መያዣው ታች ወርዶ ሲታጠፍ ከሥጋ ቤት የተሰቀለ ታፋ ይመስላል። መያዣ ካልን ዘንድ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከሁሉ ያስገረመኝ እሱ ነው።

ቡራዩ ውሃ ሲጠፋ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን እንሸከማለን። መያዣው የተሰበረበትና በሽቦ የታሰረ ጀሪካን ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ሽቦው ጣት ይቆርጣል። ያንኑ ሽቦ በጨርቅ ጠቅልሉትና ያዙት። ውሃው ያው ሃያ ሊትር ነው፤ ሕመሙ ግን የት ሄደ? ክብደቱ ሰፊ ቦታ ላይ ተከፋፈለ፤ እያንዳንዷ የመዳፍ ክፍል ትንሽ ትንሽ ወሰደች። የትልቁ ሽጉጥ መያዣ ጨርቅ የተጠቀለለበት ሽቦ ነው። ከአመልካች ጣት በታች ያሉት ሦስቱም ጣቶች ይጠቀለሉበታል፤ ርግጫው መዳፍ ሙሉ ላይ ይበተናል። ትንሿ ሽጉጥ ላይ ግን ትንሿ ጣታችሁ የምትይዘው ቦታ ታጣለች፤ ከመያዣው በታች አየር ላይ ትንጠለጠላለች። ርግጫው በሙሉ አውራ ጣትና አመልካች ጣት መካከል ያለችው ስስ ሥጋ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ትንሿ ሁለት ጊዜ ነው የምትቀጣችሁ። ቀላል ስለሆነች በፍጥነት ትመለሳለች፤ መያዣዋ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ የምትመለሰው አንዲት ነጥብ ላይ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዶች ያቺኑ ትንሽ ሽጉጥ ሰፋ ያለ የጎማ መያዣ የሚያለብሷት። ብረቱ ሳይነካ እጅ ይድናል! ግን መያዣው ሲሰፋ መሸጎጡ ይከብዳል፤ ወገብ እንደገና ያጉረመርማል። አንዱን ስትጎትቱ ሌላው ይሳባል።

ሌላም አለ። ሪቮልቨር ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ የሚነሳው ለምን ይመስላችኋል? በር አስቡ። በር ከማጠፊያው አጠገብ ስትገፉት አይንቀሳቀስም፤ ከጫፉ ስትገፉት በአንድ ጣት ይዞራል። እጃችሁ ማጠፊያው ነው። ጥይቱ የሚወጣው ከእጃችሁ በላይ ካለው አፈሙዝ ነው፤ ስለዚህ ርግጫው ማጠፊያውን አልፎ ከላይ ይገፋል፤ ሽጉጡም እንደ በሩ ይዞራል፣ አፍንጫው ሰማይ ያያል። አሁን ጀበና አንሡ፤ ሙሉ ጀበና። ቡና ስትቀዱ ክብደቱ ወደ አፉ ሄዶ የእጃችሁን አንጓ ወደ ታች ይጫነዋል አይደል? ረጅም አፈሙዝ ያለው ትልቁ ሽጉጥ እንደ ሙሉ ጀበና ከፊት ይከብዳል። ዝም ብላችሁ ስትይዙት ያደክማችኋል፤ ሲተኮስ ግን ያ የፊት ክብደት የሚነሳውን አፍንጫ ወደ ታች ይይዘዋል። አጀብ አይደለም? እዚያው ላይ ያደከማችሁ ነገር እዚያው ላይ ይረዳችኋል።

እስካሁን ትልቁን ያሞገስኩት ይመስላል፤ ትልቁም የራሱ ጣጣ አለው። ምላጩን አስቡ፣ ጣት የሚስበውን። ከበሮው በሰፋ ቁጥር ገላው ይገዝፋል፤ ገላው ሲገዝፍ ከመያዣው ጀርባ እስከ ምላጩ ያለው መንገድ ይረዝማል። ልጆች ሆነን የአባታችንን ብስክሌት ስንነዳ እግራችን ፔዳሉ ላይ በጣቱ ጫፍ ብቻ ይደርስ ነበር፤ ለመድረስ ስንል ወገባችን ኮርቻው ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄድ ነበር። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ትልቁን ሽጉጥ ሲይዝ እንዲሁ ነው። ጣቱ እንዲደርስ መዳፉን ወደ ጎን ያዞራል፤ መዳፉ ሲዞር ርግጫው በክንዱ አጥንት ቀጥታ ከመሄድ ይልቅ የአውራ ጣቱን አንጓ ይመታል። ስለዚህ ያ ሁሉ ጋሻ የሆነው ክብደት ለማይደርስ ጣት ጥቅሙ ይቀንሳል። ምቾት ሽጉጡ ላይ ተጽፎ የሚሸጥ ነገር አይደለም፤ በመዳፍ ልክ የሚሰፋ እንደ ጫማ ነው።

ምላጭ ካነሳን የምወዳትን ምሳሌ ልንገራችሁ። ብዙ ሪቮልቨር ላይ ጣት ምላጩን ሲስብ ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል፤ ከበሮውን ያዞራል፣ ጥይቱን የሚመታውን መዶሻም ወደ ኋላ ይወጥራል። ስለዚህ ምላጩ ይጠነክራል፤ አምስት ኪሎ የሚያህል ጉልበት መፈለጉ የተለመደ ነው። ቤታችሁ ገብታችሁ ጠጠር ያለ መሳቢያ ሳቡ። ጠረጴዛው ከባድ ከሆነ መሳቢያው ብቻ ይመጣል። ጠረጴዛው ቀላል ከሆነስ? ጠረጴዛው ተከትሏችሁ ይመጣል! ግማሽ ኪሎ ሽጉጥ ላይ አምስት ኪሎ ስትስቡ ጠረጴዛው ነው የሚመጣው። ሽጉጧ ጣታችሁን ተከትላ ትወዛወዛለች፤ ያነጣጠራችሁበት ቦታ ሳይተኮስ ይጠፋል። ይቺን ሰበታ ለሚኖረው ወንድማችን በስልክ ስነግረው ዝም አለና «ቆይ፣ ቆይ፣ መሳቢያ ልሳብ» ብሎ ስልኩን አስቀምጦ ሄደ። ተመልሶ ሲጮህ መስማት ነበረባችሁ!

እሱ ደግሞ ግንበኛ ስለሆነ በተራው አንድ ነገር አበራልኝ። ስለ ማነጣጠሪያ ነበር የጠየቅሁት። ሽጉጥ ላይ ከኋላ አንዲት ጉድጎድ ያለች ምልክት፣ ከፊት አንዲት የቆመች ምልክት አለች፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ነው መስመሩ ቀና የሚባለው። እሱ ምን አለኝ? «ክር ስትወጥር ሁለቱን ችካል አራርቀህ ትከል። ቅርብ ለቅርብ ከተከልካቸው አንዷ ሚሊ ስህተት ግድግዳው ጫፍ ስትደርስ ጉድ ትሠራሃለች።» ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሁለቱ ምልክቶች በ15 ሴንቲሜትር ከተራራቁና አንድ ሚሊሜትር ከሳትኩ፣ 15 ሜትር ርቀት ላይ የምስተው 10 ሴንቲሜትር ነው። ርቀታቸው 7 ተኩል ሴንቲሜትር ከሆነ ያቺው አንድ ሚሊሜትር 20 ሴንቲሜትር ትሆናለች። እጥፍ! ትንሿ ሽጉጥ ችካሎቿን አቀራርባ የተከለች ግንበኛ ናት። በራሷ ጠማማ አይደለችም፤ የእጃችሁን ትንሽ ስህተት ታጎላዋለች።

እኔ በበኩሌ ሁሉን ካየሁ በኋላ ልቤ ወደ መካከለኛዋ ሄዷል፤ ሦስት ሩብ ሊትሯ። ሦስቱን ጣት ታስይዛለች፣ ለአብዛኛው ሰው ጣት ምላጯ ይደርሳል፣ ርግጫዋም አይከፋም። ጋሽዬ ግን አልተስማሙም፤ «አንተ ስላልታጠቅህ ነው» አሉ። እሳቸው ዘመናቸውን ሙሉ የሚያስታውሱት ወገባቸውን ነው፤ እኔ የማስበው መዳፌን ነው። ሁለታችንም እውነት ይዘናል ብዬ አምናለሁ፤ ከተለያየ የሰውነት ክፍል እየተናገርን ነው እንጂ።

አንዲት ነገር ቀርታኛለች፤ ትናንት ማታ ነው ያገኘኋት። ኤንፊልዱ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ እንግሊዞች ሽጉጡን እንደገና አሻሻሉት። የመዶሻውን ጅራት፣ ያቺን በአውራ ጣት የምትሳብ ቀንድ የመሰለች ነገር፣ ቆርጠው ጣሏት። ምክንያቱን ስሙ፤ ታንክ ውስጥ የሚሠሩ ወታደሮች በጠባቧ በር ሲወጡና ሲገቡ ቀንዷ እየተጠላለፈች አስቸገረቻቸው። ቀንዷን ሲያጡ ሁልጊዜ በጠንካራው ስበት መተኮስ ግድ ሆነባቸው፤ ስለዚህ ምላጩን ትንሽ አለዘቡት። መዳፍ፣ ጣት፣ ወገብ እያልን ስንቆጥር ለካ በርም አለ! ሽጉጡ ያለፈበት በር ሁሉ ቅርጹን ይነካል።

ቅዳሜ ሰበታ ነን። ግንበኛው ክርና ችካል ያመጣል፣ እኔ ጀበናና ትሪ ይዤ እመጣለሁ፣ የሱሉልታዎቹ ውሃውን ታመጣላችሁ። ሱሉልታ የውሃ ማሸጊያ እያላት ውሃ ከሌላ ቦታ አንገዛም። እህታችሁንም አምጧት፤ እጇ ከሁላችንም ያንሳል፣ እጃችንን ወረቀት ላይ አስቀምጠን በእርሳስ ዙሪያውን እንስለዋለን። ከመዳፉ ጉድጓድ እስከ አመልካች ጣት ሁለተኛ አንጓ ያለውን እንለካለን። የሷና የግንበኛው ልዩነት ስንት ሴንቲሜትር እንደሚሆን ካሁኑ መገመት ጀምሬያለሁ።